«ተመስገን» በቁጥር ስንት ነው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
ከጎንደር ከተማ

ጉዳዩ፦ የምርት ዕድገት በሚነገርበት ቀን የሕዝቡ ኑሮም ተለክቶ አብሮ እንዲነገር ስለ መጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ የእድር ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን በሒሳብ ሠራተኛነት ጨርሼ ጡረታ ስወጣ፣ የሠፈሬ ሰዎች «እጅህ ቁጥር የለመደ ነው» ብለው የእድሩን መዝገብ አስረከቡኝ። ስለዚህ ቁጥር ጠል ሆኜ የጻፍሁ አይምሰላችሁ። ያለ ቁጥር ድንኳን አይገዛም፣ ለቀስተኛም አይስተናገድም። ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነው፤ መዝገቤ የሚነግረኝና ሬዲዮው የሚነግረኝ አልገጥም ስላለኝ ነው።

ሬዲዮው የበጀት ዓመት በተዘጋ ቁጥር ጥቅል የሀገር ውስጥ ምርታችን በዚህን ያህል በመቶ አደገ ይለኛል። ቁጥሩ ልክ ነው እንበል። መዝገቤ ደግሞ ይህን ይላል። እድራችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሰበሰባል፤ ስም ይጠራል፤ የከፈለው ምልክት ይደረግለታል፤ የቀረው ይቀጣል፤ የታመመው ማን እንደሚጠይቀው ይመደባል። አንድ ቤት ኑሮ ሲከብደው መጀመሪያ የሚታየው የት ይመስላችኋል? መዋጮው ላይ አይደለም። ሰው ከእድር ከሚወጣ ጦሙን ማደር ይመርጣል። የሚታየው በቅጣቱ ዓምድ ላይ ነው። ቀርቶ የማያውቀው ሰው መቅረት ይጀምራል፤ እሑድንም የቀን ሥራ ገብቶበት ነው። ቀጥሎ አባት ይመጣበት ከነበረው ቤት ልጅ ይመጣል፤ አባት ሥራ ፍለጋ ርቆ ሄዷል። ቀጥሎ መዋጮው በወሩ መጨረሻ፣ በዝርዝር፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ይመጣል።

እንዲህ ተቋጥሮ የመጣ ብር አንዲት እናት ሲቆጥሩልኝ «ኑሮ እንዴት ነው እትዬ?» አልኋቸው። «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ» አሉኝ። ሁለት ብር ጎድሎ ነበር።

ወደ ጉዳዬ የምገባው በዚህ በር ነው። በዓለም ላይ ኑሮን ለመለካት ከተለመዱት መንገዶች ስሙ የገነነው መሰላሉ ነው። ከ0 እስከ 10 የተቆጠረ መሰላል አስቡ ይባላል፤ ከላይ ያለው ለእናንተ ከሁሉ የተሻለው ኑሮ፣ ከታች ያለው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዛሬ የቆማችሁት በስንተኛው ላይ ነው? እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ሀገሮችን የሚያሰልፈው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 አንሥቶ ከፊት የቆመችውም በዚሁ ነው። የፊንላንድ ሰው ቆም ብሎ አስቦ ቁጥሩን ይናገራል። የኔዋ እትዬ ግን «ተመስገን» ነው የሚሉት። ተመስገን ስንት ነው? ሦስት ነው ወይስ ዐሥር? እኛ ዘንድ ለማያውቁት እንግዳ ጓዳን ከፍቶ ማሳየት ነውር ነው፤ ማማረርም ፈጣሪን መክሰስ ነው። በዚያ ላይ ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉም የራሱን ግምት ይዞ ይጠብቀዋል። ደህና ነኝ ካልሁት ግብር ያስጨምርብኛል የሚል አለ፤ ቸግሮኛል ካልሁት ስንዴ ያስመጣልኛል የሚልም አለ። ይህን የማታውቁ አይደላችሁም፤ መረጃ ሰብሳቢዎቻችሁ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል።

እንዲህ ማለቴ ግን «እንግዲያው ኑሮ አይለካም፣ ምርቱን መቁጠር ይበቃናል» ለማለት አይደለም። ምርት መቁጠርን ለዛሬው ወግ ያበቃው ሰው ራሱ እንዲህ አላለም። ሳይመን ኩዝኔትስ ይባላል። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ መንግሥቷ የጉዳቱን ልክ የሚያውቅበት ቁጥር አልነበረውም፤ ኩዝኔትስና ባልደረቦቹ የብሔራዊ ገቢውን ስሌት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1934 ለምክር ቤቱ አቀረቡ። በዚያው ሰነድ ውስጥ፣ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው ልክ ተነሥቶ መናገር እምብዛም የሚያስኬድ አይደለም ሲል አስጠነቀቀ። ሚዛን የሠራው ሰው ገና ሲያስረክብ «በርበሬ መዝኑበት እንጂ ትዳር አትመዝኑበት» እንዳለ ቁጠሩት። ሚዛኑን ተቀበሉት፤ ምክሩን ተዉት።

ሚዛኑ ያልተሠራለትን ሲመዝን ምን እንደሚመስል ከሠፈሬ ላሳያችሁ። እኛ ዘንድ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ቃሉን አያከብርም። ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካን በጋሪና በባጃጅ የጫነ ይመጣል። አቅም ያለው ቦቴ ያስመጣል፤ ከዚያም ሮቶ ገዝቶ ጣራው ላይ ይሰቅላል። ጀሪካኑ የተሸጠበት፣ ባጃጁ የተከፈለው፣ ቦቴው የነዳው፣ ሮቶው ያተረፈው ሁሉ በደንቡ መሠረት ምርት ነው፤ ይደመራል። ቧንቧው በቀኑ ቢመጣ ኖሮ የዚህ ሁሉ ግብይት ግማሹ እንኳ አይኖርም ነበር። እንግዲህ ጥማችን ለዕድገቱ የበኩሉን አዋጥቷል ማለት ነው። ግድብ ቢጀመርልንም ያው ነው። ሲሚንቶው በፈሰሰ፣ ማሽኑ በቆፈረ ቁጥር ወጪው በየዓመቱ መዋዕለ ንዋይ ተብሎ ይመዘገባል፤ ውሃው ከቤታችን መድረስ አለመድረሱ ከዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ጸጥታም እንዲሁ ነው። ባለፉት ዓመታት ሰው ሲሰጋ የመስኮቱን ብረት አጠበቀ፣ አጥሩን ከፍ አደረገ፣ የቻለ ዘበኛ ቀጠረ። ብረት በያጁም ዘበኛውም ተቆጠሩ። እኛ የሠፈሩ ሰዎች ተራ ገብተን፣ ጋቢ ደርበን፣ እሳት ከብበን ሮንድ የጠበቅንባቸው ሌሊቶች ግን ምንም አላስመዘገቡም። ጋቢው ብቻ ሲገዛ ተቆጥሮ ይሆናል።

ይህን የእናንተ ጥፋት አላደርገውም። ሀገሮች የሚሠሩበት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት በተባበሩት መንግሥታት የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1953 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ሲሻሻል ኖሯል። ሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁና ደንብ ማንበብ ልማዴ ነው፤ ይህኛው አንዳንድ ቦታ ላይ ፈገግ ያሰኛል። ለቤት የሚሆን ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም በመርሕ ደረጃ ምርት ናቸው ይላል። በዚያው ውሃ፣ በዚያው እንጨት ለቤተሰብ ወጥ መሥራት ግን ምርት አይደለም። ወጡ ከቤት ወጥቶ ምግብ ቤት ከገባ እንደገና ምርት ይሆናል። ልጅ ማሳደግ፣ አልጋ ላይ የዋለ አባትን ማገላበጥ፣ አራስ መጠየቅ፣ ሐዘን ቤት ንፍሮ ቀቅሎ ማደር፣ እነዚህ ሁሉ በዚያ ሒሳብ ዜሮ ናቸው። እድራችን የሚቆመው ደግሞ በነዚሁ ዜሮዎች ላይ ነው። እኛ ወንዶቹ ድንኳን ተክለን እንቀመጣለን፤ የቀረውን ሴቶቹ ይሠሩታል። (በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን የባል ስም ነው። ወደ እናንተ ጣቴን ስቀስር ሦስቱ ወደኔ መዞራቸውን አልረሳሁም።)

አሁን ወደ ምስጋናው ልምጣ፤ ደብዳቤዬ ሁሉ ወቀሳ እንዳይመስል። መሥሪያ ቤታችሁ ያንን ዜሮ ለማየት ሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሀገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አድርጋችኋል፤ ሰው ሃያ አራት ሰዓቱን በምን በምን እንደሚያውል ጠይቃችኋል። ከዚያ አስቀድሞም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየጊዜው የኑሮ ደኅንነት ክትትል ጥናት ስትሠሩ ኖራችኋል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱም አለ። ከዚህ ከመጨረሻው አንድ ቁጥር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ልጆቻችን 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ወደ 38 በመቶ ወረደ። ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ድርሻ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መቀነሱ ቀላል ነገር ነው? ከዕድገት በመቶኛ ሁሉ በላይ ሊያኮራን የሚገባ ነበር። ከአሥር ልጅ አራት ያህሉ አሁንም መቀንጨሩ ደግሞ እንቅልፍ ሊነሣን የሚገባ ነበር። ግን እስቲ ከአራዳ እስከ አዘዞ ያገኛችሁትን ሰው አቁማችሁ ጠይቁ። በዚያ ዘመን ኢኮኖሚያችን በሁለት አሃዝ አደገ መባሉን ሁሉም ሰምቷል። ሠላሳ ስምንትን የሰማ ብታገኙ ግን የጤና ባለሙያ ነው።

የምለው ይህንኑ ነው። ቅጹ አላችሁ፤ ሙያው አላችሁ፤ በየመንደሩ የሄደ እግር አላችሁ። የጎደለው ጥሩምባ ነው። በእድር ሕግ ጥሩምባ ለሀብታምም ለደሃም እኩል ይነፋል። ከእናንተ ዘንድ የሚነፋው ለአንዱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ጥራዝ ውስጥ ይቀበራሉ።

ሌሎች ሀገሮች ለሌላውም ቁጥር ጥሩምባ ለማስነፋት ብዙ ደክመዋል። ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሐቅ እ.ኤ.አ. በ1990 የሰብአዊ ልማት መለኪያን ሲያስጀምር ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን በአንድ ቁጥር ማጠቃለሉ ሸካራ እንደሆነ አላጣውም፤ ወዳጁ አማርትያ ሴንም መጀመሪያ ላይ አልወደደለትም። ሐቅ ግን አንድን ቁጥር ከዙፋኑ ዝቅ የሚያደርገው ሌላ ቁጥር ብቻ መሆኑን ዐወቀ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለዜጎቻቸው አራት አጫጭር ጥያቄዎች ያቀርባሉ፤ በሕይወትህ ምን ያህል ረክተሃል፣ የምትሠራው ነገር ምን ያህል ፋይዳ አለው፣ ትናንት ምን ያህል ደስ ብሎህ ዋልህ፣ ትናንት ምን ያህል ጭንቀት ነበረብህ የሚሉ። «ትናንት» የምትለዋን ወድጃታለሁ፤ ለ«ተመስገን» ቀዳዳ ታጠብበታለች። ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የደኅንነት በጀት ያለችውን አውጥታ ለአእምሮ ጤና ብቻ 1.9 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር መደበች። እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ አይደለንም፤ ይገባኛል። እኔን የገረመኝ ገንዘቡ ሳይሆን ልኬቱ ከካዝናው ቁልፍ ጋር መታሰሩ ነው።

ሁሉም የሚጠቅሳት ግን ቡታን ናት፤ እኔም ጥቂት ልቆይባት። በሂማሊያ ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ መንግሥት ናት። ንጉሧ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጥቅል ምርት ይልቅ ጥቅል ደስታ ይሻላል አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ገባ። ዘጠኝ ዘርፎች፣ 33 መለኪያዎች አሏት። መረጃ ሰብሳቢዎቿ በየቤቱ ሄደው ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ጎረቤትህን ታምናለህ፣ ብትታመም የሚደርስልህ ስንት ሰው አለህ ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ሳነብ «ይህስ የኛ የእድር መዝገብ ነው» አልሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጥናት 48.1 በመቶው ሕዝብ ደስተኛ ከሚባለው መስመር በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የቀሩትን «ያልተደሰቱ» አይሏቸውም፣ «ገና ያልተደሰቱ» ይሏቸዋል። ለቃሉ መጠንቀቃቸው ደስ ይላል።

ነገር ግን ይህችው ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኔፓልኛ ተናጋሪ ከሆኑ ዜጎቿ ከመቶ ሺህ የሚበልጡት ተገፍተው ወጥተው በኔፓል የመጠለያ ካምፖች ብዙ ዓመት ኖረውባታል። እነሱን ደስ ብሏችኋል ወይ ብሎ የጠየቃቸው መረጃ ሰብሳቢ አልነበረም። ስለዚህ የደስታ መለኪያ ይዞ የመጣን መንግሥት ሁሉ እጅ መንሣት አያስፈልግም። ማን ተቆጠረ፣ ማን ቀረ የሚለው ይቀድማል። እኛም በዚህ በኩል የምንመጻደቅበት የለንም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ የራሱን እድር ሊገባ ደርሷል፤ መንግሥት ግን በስም ገና አልቆጠረውም።

ጎንደር ለእንዲህ ዓይነቱ ልኬት ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እዚህ ሲከፈት፣ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ካጠቃት ብዙም አልቆየም ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎች፣ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ሥራቸው በሽተኛ ማከም ብቻ አልነበረም፤ ምንጩ ጎልብቷል ወይ፣ ሽንት ቤት ተቆፍሯል ወይ፣ ልጆቹ ተከትበዋል ወይ ብለው ደጅ ለደጅ የሚሄዱ ነበሩ። «ደስተኛ ናችሁ ወይ» የሚል ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። ምንጩን ያዩታል።

እኔም የምለምናችሁ በዚያ መንገድ እንድትጠይቁን ነው። ስሜታችንን ሳይሆን የሆነብንን ጠይቁን። ባለፈው ሳምንት ቧንቧችሁ ስንት ቀን ውሃ አመጣ? የቀዳው ማን ነው፣ ስንት ሰዓትስ ፈጀበት? ባለፈው ወር ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባው በገንዘብ እጦት ወይም በመንገድ ሥጋት የቀረ ሰው ከቤታችሁ አለ? ከመሸ በኋላ ሴት ልጃችሁን ብቻዋን ሱቅ ትልካላችሁ? ሌሊት ሰው ቢታመም የምታንኳኩት በር ስንት ነው? በዚህ ዓመት በችግር ምክንያት ከእድር፣ ከእቁብ ወይም ከማኅበር ወጥታችኋል? ለእነዚህ «ተመስገን» ብሎ መመለስ አይቻልም። ሦስት ቀን ወይ ሦስት ቀን ነው፣ ወይ አይደለም። የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ጸሐፊነቴ ታይቶብኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ከእድር የወጣን ቤት ያህል በመከራ ውስጥ ያለ ቤት እኔ አይቼ አላውቅም።

ውጤቱንም እስከ ከተማችን፣ ቢቻል እስከ ክፍለ ከተማ ድረስ ለይታችሁ አውጡት። ሀገር አቀፍ አማካይ ለኛ ብዙ አይናገርም፤ አንዱ ሠፈር ሰባቱንም ቀን፣ ሌላው አንዱን ቀን ብቻ ውሃ ቢያገኝ አማካዩ አራት ቀን ነው፤ አራት ቀን ያገኘ ሠፈር ግን የለም። ከዚያም የዕድገቱ ቁጥር በሚነገርበት ዕለት፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ማይክሮፎን ይነገርልን። ዕድገት አያስፈልግም የሚል ቅብጠት የለብኝም። ያላደገ ምርት ለማንም አይዳረስም፤ የሮቶ ዋጋ ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ብልህ ሹም «እንግዲያው የእድሮቹን መዝገብ ሰብስበን እንጠቀም» ይል ይሆናል። መዝገቤን አልሰጥም። ውስጡ ያለው የጎረቤቶቼ ገመና ነው፤ በመሐረብ የተቋጠረው ብር የማን እንደሆነ ከኔና ከገንዘብ ያዡ ሌላ የሚያውቅ የለም። መዝገቡ ወደ መንግሥት እንደሚሄድ የታወቀ ዕለት ሰው እውነቱን መናገር ይተዋል፤ እድሩም እድር መሆኑን ያቆማል። መጥታችሁ ጠይቁ፤ ስም ሳትጽፉ ጠይቁ፤ የምትፈልጉትን ሰዎቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ።

ስትመጡም ቅዳሜ አትምጡ፤ ገበያ ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው አታገኙም። ጥር 10 እና 11ም አይሆንም። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደው ከተማው ሁሉ ነጭ በለበሰ ጊዜ ኑሮ እንዴት ነው ብትሉ ያለ ልዩነት ዐሥር ይሏችኋል፤ ውሸትም አይደለም፣ የዚያን ቀን እውነት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብትመጡ ድንኳን ከምናስቀምጥበት ቤት ደጃፍ ወንበር አናጣላችሁም። የመጣው መረጃ ሰብሳቢ የቤቱን እመቤት ይጠይቅ። ጀሪካኑን የምታውቀው እሷ ናት፤ ባልየውን ከጠየቀ ምን እንደሚለው አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ከጎንደር